ጳጉሜን 6 እና አርባው ስልክ

እናላችሁ፣ የኛ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ነበር። አንደኛው «ሁሉም ነገር በገዛ ኮምፒውተራችን ይፈተሽ» ይላል። ሌላኛው «ዘመኑ የክላውድ ነው፣ ንቁ!» ይላል። ሥራችን ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ፈታሽ ነን ስንል በር ላይ ቆመን ቦርሳ የምንበረብር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሦስት ነን፤ አንዷ፣ ይቺን የምትጽፍላችሁ፣ የተመረቀችው በጋዜጠኝነት ነው። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ያው የሰው ስህተት ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አፕ በተነካካ ቁጥር ቁልፉን ሁሉ በእጅ እየተጫኑ መሞከር ያሰለቻል። ስለዚህ በኛ ፋንታ የሚጫን ኮድ እንጽፋለን፤ ይከፍታል፣ ስም ይሞላል፣ ይልካል፣ የመጣውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል። ከተስማማ አረንጓዴ፣ ካልተስማማ ቀይ። ለዚህ በጣም የታወቀው ነጻ መሣሪያ ሴሌኒየም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ ቶውትወርክስ የተባለ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ጄሰን ሃጊንስ ነው የጀመረው። ስሙም ቀልድ አለበት፤ ያኔ ውድ የፍተሻ መሣሪያ ይሸጥ የነበረው ኩባንያ ሜርኩሪ ይባል ነበር፣ ሴሌኒየም ደግሞ የሜርኩሪ መርዝ ማርከሻ ነው ይባላል።

እኛም ለረጅም ጊዜ በሴሌኒየምና በገዛ ኮምፒውተራችን ኖርን። ኢንተርኔት ቢጠፋ ሥራ አይቆምም። የደንበኛ መረጃ ከቢሮ አይወጣም። በዶላር የሚከፈል ነገር የለም። ችግሩ፣ ያለን ሁለት ኮምፒውተርና መሳቢያ ውስጥ የተኛ አራት ስልክ ነው፤ የአንዱ ባትሪ አብጧል። አይፎን ላይ ለመሞከር አለቃችንን መለመን ነበረብን፣ እሳቸው ደግሞ ስልካቸውን ሲሰጡን ፊታቸው ይለዋወጣል።

ክላውዱ ይህን ሁሉ ይገላግላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንድ ውስጥ እንደተጀመረው ብራውዘርስታክ ያሉ ኩባንያዎች እውነተኛ ስልኮችን ደርድረው በኢንተርኔት ያከራያሉ። የጻፋችሁትን ፈተና ትልኩላቸዋላችሁ፣ በብዙ ስልክ ላይ ባንድ ጊዜ ይሮጣል። ክፍያው ግን በዶላር ነው፣ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠም ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ነው።

ስንት ወር ተጨቃጨቅን መሰላችሁ! በመጨረሻ የክላውዱ ወገን አሸነፈና ተከፈለ። በ2015 ክረምት የእናቶችንና የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚመዘግብ አፕ ሠርተን በአርባ ዓይነት ስልክ ላይ ፈተሽነው። አርባውም አረንጓዴ። እርስ በርስ ተጨባበጥን።

በጥቅምት ከአንድ ጤና ጣቢያ ስልክ ተደወለ። አንዲት እናት የስድስት ሳምንት ልጇን ታቅፋ ለክትባት መጥታለች። ካርዱ ላይ ልጅቷ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። «አይገናኝም፣ አጣርተሽ ነይ» ተብላ ልጇን ይዛ ተመለሰች። ለካስ አፑ ጳጉሜን 6ን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ አልቀበል ስላላት፣ ነርሷ ሰልፉ እንዳይቆም ብላ ማግስቱን መዝግባዋለች።

ፕሮግራመራችን ዘመኑ ለአራት ሲካፈል ትርፍ ካልቀረ ጳጉሜን ስድስት ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር፤ የፈረንጁን ካላንደር ሕግ አምጥቶ። በኛ ግን ጳጉሜን ስድስት የሚሆነው ሲካፈል ሦስት ሲተርፍ ነው፤ 2007፣ 2011፣ 2015። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ የሰፈር ቄስ ያለ ኢንተርኔት «ዘመነ ሉቃስ ነው» ብሎ ይነግራችኋል።

እኛስ? ፈተናውን ስንጽፍ «ጳጉሜን ስድስት የሚሆነው መቼ ነው?» ብለን የጠየቅነው እሱኑ ፕሮግራመሩን ነው! የነገረንን ገለበጥን፣ ክላውዱም ስህተታችንን አርባ ቦታ አጸደቀልን። በገዛ ኮምፒውተራችን ብንሮጠውም ያው አረንጓዴ ይሆን ነበር። ጋዜጠኝነት የተመረቀችዋ ያን ቀን አንገቷን ደፋች። ከባለጉዳዩ ብቻ ሰምቶ መጻፍ ነውር እንደሆነ አራት ዓመት ሙሉ ተነግሯታል።

ኋላ ስናነብ ደግሞ ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ያው ጄሰን ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሶስ ላብስ የተባለውን የክላውድ ፍተሻ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። የሁለቱም ሃይማኖታችን አባት አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ያንን ሁሉ የተጣላነው በከንቱ ነው።

አሁን የየዕለቱን ፍተሻ በራሳችን ኮምፒውተር እንሠራለን፤ አፑ ሊወጣ ሲል በክላውድ ብዙ ስልክ ላይ እንሞክራለን፣ የእውነተኛ ሰው መረጃ ግን አንልክም። ከሁለቱም በፊት አንድ ደብተር አለን። አፑን የማይሠሩ ሰዎችን እየጠየቅን እንጽፍበታለን፤ ነርሷን፣ ገንዘብ ያዧን፣ ቄሱን። «ቀጠሮው ሦስት ሰዓት» ሲባል የማን ሦስት ሰዓት ነው? የአያት ስም የሌለው ሰው ምን ይሞላል? የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጳጉሜን 6 ነው።

ልጅቷ ከሳምንት በኋላ ተከትባለች፣ መዝገቡም ተስተካክሏል። የልደቷ ቀን የሚመለሰው ግን በአራት ዓመቱ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው። ፈተናውን ጽፈነዋል። ያን ቀን ግን አረንጓዴውን አምነን ቤታችን አንቀመጥም፤ ጤና ጣቢያው ሄደን ከነርሷ ጎን ቆመን እናያለን።