ዕጣው የወጣው ለእሷ ነበር

ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩትን ጉድ ዛሬ ላወጣው ነው። ፍረዱኝ።

ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ሸዋሮቢት። እኔና አንድ ጓደኛዬ ቪዲዮ ቤት ነበረን። ቤት ከተባለ ነው እንግዲህ፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች። የሚያበላን ቫንዳም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን «ኪክቦክሰር» ካሴቱ አርጅቶ ምስሉ ዝናብ እስኪመስል ድረስ አሳይተነዋል። የከተማው ልጅ ቶንግ ፖ የሚወድቅባትን ደቂቃ በቃሉ ያውቃታል። አንድ ቀን ጓደኛዬ «ለምን በሥጋ አናሳያቸውም?» አለኝ። አይ ልጅነት!

በከተማችን ቴኳንዶ የሚያስተምር አንድ ጎበዝ ነበር። በአየር ላይ ተሽከርክሮ ሲማታ ዓይን ያፈዛል። ከአዲስ አበባ ደግሞ ኪክቦክሲንግ የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ልጅ በሰው በሰው አገኘን። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በእህል ሚዛን መዝነናቸዋል፣ አትሳቁ። መጋዘን ተከራየን፣ ፍራሽ ደርድረን ሸራ ወጠርንበት፣ በጭነት መኪና ገመድ ሪንግ ሠራን። የይፋት ቆላ ሙቀት በቀን ስለማይቻል ማታ አደረግነው። ከአጣዬና ከደብረ ሲና ሳይቀር ሰው መጣ።

የሽልማቱ ሐሳብ የኔ ነው። ገዢው ትኬቱ ጀርባ ላይ ስሙን፣ ማን እንደሚያሸንፍና በስንተኛው ዙር እንደሚያበቃ ይጽፋል። ትኬቱን በር ላይ እንሰበስባለን፤ በትክክል ከገመቱት መካከል አንዱ በዕጣ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ይወስዳል። ያኔ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ማለት ምን ማለት እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። (እንዲህ ያለ ዕጣ የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።) ዕጣውን የሚያወጣው ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንዲሆን አደረግሁ፤ ማንም እንዳያጭበረብር። በዚህች ብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ከተማው ማለት ይቻላል በሙሉ የራሱን ልጅ መረጠ። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። «ከጣርማ በር ማዶ የመጣ ደገኛ እዚህ ሦስት ደቂቃ አይቆምም» ተባለ። ሌላውን ግን ያሰበ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ሸዋሮቢት 1,300 አካባቢ ናት። እዚያ የለመደ ሳንባ እዚህ ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል።

ምን አለፋችሁ፣ ግጥሚያ በፊልምና በዓይን ለየቅል ነው። በፊልም ምቱ ሁሉ ይጮኻል። በዓይን ስታዩት የሚሰማችሁ ትንፋሽ ነው፤ የላብና የቅባት ሽታ ነው፤ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ሳያውቀው ክንዳችሁን ሲጨምቅ ነው። የኛ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ጊዜ ዘለለና መጋዘኑ ሊፈርስ ደረሰ። የአዲስ አበባው ግን ጭንቅላት አልፈለገም። ቅልጥሙን አዙሮ የኛን ልጅ ግራ ጭን ይመታል። በቃ። እዚያው ቦታ፣ ደጋግሞ። በቴኳንዶ ውድድር ከወገብ በታች መምታት ክልክል ስለሆነ የኛ ልጅ ይህን መከላከል አልተማረም። ኪክቦክሲንግ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ከካራቴና ከታይላንድ ቦክስ ተደባልቆ የወጣ ነው፤ የጭን ምት አንዱ ዋና መሣሪያው ነው። በኬ ዋን አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሆላንዳዊው ኧርነስቶ ሁስት ስንቱን ግዙፍ በዚህች ምት እንዳንበረከከ ኋላ በቪዲዮ አይቻለሁ። ያን ማታ ግን ሕዝቡ «ይሄ ደሞ ምን ይመታል!» እያለ ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ዙር የኛ ልጅ እግሩን ሊያነሳ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው። ሸራው ላይ ቁጭ አለ፤ አልተነሳም። እናቱ ከኋላ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» ሲሉ መጋዘኑ ጸጥ አለ።

እኔ ታዲያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጥግ ይዤ ትኬት እመርጣለሁ። «የአዲስ አበባው፣ በሁለተኛው ዙር» ያሉት 9 ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ላይ የማውቀው የእጅ ጽሑፍ አየሁ። የተሸነፈው ልጅ እህት ናት። እውነቱን ልናገር፣ እወዳት ነበር፤ ከተማውም ያውቃል፤ ከእኛ ቀድሞ ነው ያወቀው። «ከ9 አንድ ነው፣ አይወጣም» ብዬ ከሌሎቹ ጋር ሳፋ ውስጥ ጣልኩት።

ሕፃኑ እጁን ሰዶ አንዱን አወጣና ሰጠኝ። የእሷ ነው።

ሰዓት ቢያዝ አምስት ሴኮንድ አይሞላም። ስሟን ብጠራ እኔን «ለራሱ ቺክ ሰጣት» ይሉኛል። እሷን ደግሞ «በገዛ ወንድሟ ላይ ፈረደች» ይሏታል፤ ያውም እሱ እዚያ ተዘርሮ፣ እናቷ እያለቀሱ። ወረቀቱን በመዳፌ ጨመቅሁና ከዘጠኙ ውስጥ የማስታውሰውን የአንድ ከባድ መኪና ረዳት ስም ጠራሁ። ሕፃኑ እንደሆነ ማንበብ አይችል። ረዳቱ ለአዳር የቆመ መንገደኛ ነበር፤ ቴፑን ታቅፎ ሲነጋ ወደ ደሴ አለፈ። ማንም አልጠረጠረኝም። እንዲያውም ዕጣው ለእንግዳ ስለወጣ ታማኝ ተባልኩ።

በሦስተኛው ቀን መጣች። የወንድሟ ጭን አብጦ ጠቁሯል፤ ደብረ ብርሃን ሄዶ ይታይ ተብሏል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ «ለማንም እንዳትናገር፣ እኔም ሞልቼ ነበር እኮ» አለችኝ። «ይሸነፋል ብዬ። ያንን እግሩን ከሳምንት በፊት ጀምሮ ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ሲያሸው አየው ነበር። ተው ብለው አልሰማኝም። ካሸነፈ የአሸናፊው ብር አለ። ከተሸነፈ ደግሞ ምናልባት ቴፑ ቢወጣልኝ ሸጬ አሳክመዋለሁ ብዬ ነው።»

ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ ስሟን ከሐሜት ያዳንኩ መስሎኛል፤ እሷ ግን ሐሜቱን አስባበት ጨርሳ ነው የጻፈችው። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን 50 ብር ሰጠኋት። አመሰገነችኝ! ፍየሎቻቸውን ሸጠው አሳከሙት። ልጁ ዳነ፤ ሪንግ ግን ዳግም አልረገጠም። እኔና እሷም ቀስ በቀስ ተራራቅን። ዓይኗን ማየት እያቃተኝ እንደሸሸኋት አታውቅም።

ለራሴ ሁልጊዜ «ለእሷ ብዬ ነው» እለዋለሁ። ግን በእነዚያ አምስት ሴኮንዶች ውስጥ አስቀድሞ በጆሮዬ የጮኸው የእሷ ሐሜት አልነበረም፤ የኔው ነው።

ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሸዋሮቢት ስወርድ ቤቷ ጠርታ ማንጎ ታቀርብልኛለች። ያ ማታ ከተነሳ ትስቃለች፤ «እኔ እኮ ዕድል የለኝም፣ በሕይወቴ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም» ትላለች። ትኬቱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ልስጣት ወይስ ላቃጥለው? እስቲ አንባቢያን፣ በተለይ እናንተ ሴቶች፣ ጻፉልኝ።