«አላውቅም» የዕውቀት ግማሽ ነው



በረመዷን ምሽት፣ ኢፍጣር ተበልቶ ትሪው ከተነሳ በኋላ በየቤታችን የሚወደድ አንድ ጨዋታ አለ፤ ጥያቄና መልስ። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት መቼ ነው? «አልጀብራ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፣ ትልልቆች ይስቃሉ፣ የዒሻእ አዛን እስኪሰማ ድረስ ቤቱ ይሞቃል። በእናንተም ቤት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። እኔም ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ በዚሁ ጨዋታ ሰበብ ልጄን በድያለሁ። ለእናንተም ትምህርት ይሆን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጄ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። በመድረሳዋ ለሚደረግ ውድድር ስትዘጋጅ፣ አንድ ምሽት «አባዬ፣ ከግሪንላንድና ከአፍሪካ የቱ ይበልጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። ነገር ግን ቤት ውስጥ እንግዶች ስለነበሩ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ ቀና ብዬ ባይ ሁለቱ ተቀራራቢ መስለው ታዩኝ። «እኩል ናቸው ማለት ይቻላል» አልኳት፤ ያውም በእርግጠኝነት።

በውድድሩ ቀን ጥያቄው መጣ። አፍሪካ ግሪንላንድን ስንት ጊዜ ያህል ትበልጣለች? ልጄ ተነስታ «እኩል ናቸው» አለች፤ ተሰብሳቢው ሁሉ ሳቀባት። ቤት ስትገባ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «አባቴ ነው የነገረኝ ለምን አላልሽም?» ብላት፣ «ባንተም እንዲስቁ ስላልፈለግኩ» አለችኝ። እኔ በእንግዶች ፊት ክብሬን ለመጠበቅ ስል እሷን ለሳቅ ዳረግኳት፤ እሷ ግን ተስቆባትም የእኔን ክብር ጠበቀች።

በማግስቱ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ጎረቤታችን ዘንድ ይዣት ሄድኩ። የአፍሪካ ስፋት 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። ግሪንላንድ ሀገራችንን ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ብታህል ነው። ታዲያ ካርታው ላይ ለምን ያን ያህል ገዝፋ ታየች? መምህሩ አንድ ብርቱካን ልጦ ልጣጩን ጠረጴዛው ላይ በእጁ ሲጫነው ተቀደደ። ድቡልቡል ነገር ሳይቀደድ ወይም ሳይለጠጥ ጠፍጣፋ አይሆንም። በግድግዳችን ላይ ያለው ዓይነት ካርታ መርካቶር የተባለ ሰው በ1569 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ መርከበኞች ቀጥታ መስመር አስምረው በኮምፓስ አቅጣጫቸውን እንዲጠብቁ የተሠራ ነው። ለዚህም ሲባል መሬቱ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋ ቁጥር እየተለጠጠ ይሄዳል። በዋልታ አጠገብ ያለችው ግሪንላንድ ስትገዝፍ፣ የምድር ወገብ የሚያቋርጣት አፍሪካ ግን እምብዛም አትለጠጥም። ካርታው የተሠራው ለባሕር ጉዞ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ስፋት ጠየቅኩት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሳስብ የታላላቆቻችን ታሪክ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በሰው አምሳል መጥቶ ስለ ቂያማ ሰዓት ሲጠይቃቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠያቂው ከጠያቂው የበለጠ እንደማያውቅ በሶሐቦች ፊት ተናግረዋል። የመዲናው ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) 48 ጥያቄዎች ቀርበውላቸው ለ32ቱ «ላ አድሪ» (አላውቅም) ብለው እንደመለሱ ተዘግቧል። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 ላይም አላህ (ሱ.ወ) ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል። እኔ ግን ለሁለት እንግዶች ስል አንዲት «አላውቅም» ከብዳኝ ነበር።

እነዚያው እንግዶች ዳግም ቤታችን ሲመጡ ስህተቱ የእኔ እንደነበረ ነገርኳቸው፤ ልጄንም በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅኳት። ለመድረሳው ኡስታዝም ይህንኑ አስረዳሁ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጨዋታው ተለውጧል። መልስ የሰጠ ሰው «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የማያውቅም «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ቢል ነጥብ አይቀነስበትም። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት በ615 እ.ኤ.አ. ነው ያለ ልጅ፣ ሐበሻ የተመረጠችው ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ስለነበራት መሆኑን ይጨምራል። «አልጀብራ» ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ የመጣ ቃል ነው ያለችም፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የተጻፈው ያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉን ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት እንደሰጠ ትናገራለች።

በዚሁ መነሻ አንድ ምሽት ልጄ የውርስ ጥያቄ አመጣችብኝ። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ትቶ ሞተ። የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ የልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ የአባትና የእናት ለየራሳቸው አንድ ስድስተኛ ነው። ብደምረው ከ24 ላይ 27 ሆነብኝ፤ ከንብረቱ ድርሻው በለጠ! «አላውቅም፣ አሳዪኝ» አልኳት። ንብረቱ ለ27 ይከፈላል፤ ለልጆቹ 16፣ ለአባት 4፣ ለእናት 4፣ ለሚስት 3 ይደርሳል። የሚስት ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነ ማለት ነው። ይህ ስሌት ዐውል ይባላል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው ወዲያው በዚሁ መልክ በመመለሳቸው ጉዳዩ «ሚንበሪያ» ተብሎ ይታወቃል። ያን ምሽት ልጄ ስታስረዳኝ ፊቷ እንዴት በርቶ እንደነበር ብታዩ!

እናንተም ልጆቻችሁ የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ ካርታ ቀና ብላችሁ አትገምቱ። ዑለማእ ዕድሜያቸውን በዕውቀት ፈጅተው እንኳ የፈትዋቸውን መጨረሻ በምን እንደሚዘጉ ልጆቻችሁን አስተምሯቸው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን።

ወሏሁ አዕለም።