ከቁርባን በፊት ያለችው ሰላምታ

ወዳጆቼ፣ ቅዳሴ ላይ ሁሌ የምታስፈራኝ አንዲት ቅጽበት አለች። ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ሲያዝዝ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ጎንበስ እንላለን። ቁርባኑ ገና ነው፤ መጀመሪያ ሰው ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት መራቅን ለምደነዋል። ጫማችንንም አውልቀን እንገባለን። ቂም ግን እንደ ጫማ ደጅ ላይ አይወልቅም።

ባለፈው እሁድ ጎንበስ ስል፣ አጠገቤ የቆመው ክፉኛ ያስቀየመኝ ሰው ነበር። አንገቴ ታዘዘ፤ ልቤ እንቢ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ግን ጠብቄ "እንዴት ሰነበትክ?" አልኩት። ሌላ ብዙ አላወራንም፤ ብቻ ቀለለኝ።

ዳዊት የምንደግመው ልባችን እንዲነጻ ነው። መንጻቱ የሚታወቀው ግን እዚያች ሰላምታ ላይ ይመስለኛል።

ያኮረፋችሁት ሰው ካለ ከፋሲካ በፊት ደውሉለት። የሰላም ጾም ያድርግልን።