አሮጌዋ ስልክና የእማማ ድምፅ



ባለፈው ሳምንት እማማን አስፈቅጄ የለጠፍኩትን የሦስት ደቂቃ ድምፅ ሰምታችሁ «ስቱዲዮ ገብታችሁ ነው እንዴ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ስቱዲዮ የለም። ማኬሬሬ ያለችው አንድ ክፍል ቤቴ ናት። መሣሪያውም መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሲም መቀበል ያቆመ አሮጌ ስልክ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው ዓረብ አገር በምትሠራው ልጃቸው ልመና ነው። «የእናቴን ድምፅ ቅዳልኝ፤ በስልክ የምሰማው የሷ አይመስለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተራ የስልክ ጥሪ ከ3,400 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሰው ጆሮ ግን እስከ 20,000 ገደማ ይሰማል። በስልክ ስማችሁን ስትናገሩ «በሰ ነው በፈ?» የምትባሉት ለዚህ ነው።

ስልክ የኪስ ኮምፒውተር ነው፤ ቅጂው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአቀማመጡና በአሞላሉ ነው። አብሮት የሚመጣው መቅጃ ፋይሉ እንዲያንስ ብሎ ድምፁን ይጨምቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ድምፅ ከፍ ዝቅ ማድረጉ ነው። እማማ ሲያወሩ መሀል ላይ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ የወሬያቸው ግማሽ ነው። ስልኩ ግን ዝም ሲሉ ጊዜ ጆሮውን ይከፍትና የቦዳ ቦዳውን ጩኸት ጎትቶ ያስገባዋል። ስለዚህ ቅንብሩን መንካት የሚፈቅድ ነፃ መቅጃ ጫኑ። ራሱ ድምፅ የሚያስተካክለውን አጥፉ፤ ዓይነቱን ዋቭ፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ 16 ቢት፣ ሞኖ አድርጉት። አንድ ሰዓት ወደ 345 ሜጋባይት ይይዛል። 32 ጊጋባይት ካርድ ካላችሁ ከ80 ሰዓት በላይ መቅዳት ትችላላችሁ። የአያታችሁን ዕድሜ ሙሉ ወሬ ባይበቃም ለጅምር ይሆናል።

ማይክ፦ በኮሌታ ላይ የሚቆነጠጠው ርካሹ ይበቃል። ስትገዙ በመሰኪያው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ለስልክ የተሠራ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ለካሜራ ስለሆነ ስልኩ ላያውቀው ይችላል። ከአፍ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ከነጠላው በላይ አድርጉት። የአንገት መስቀል ካለ ወደ ኋላ ይዙር፤ ማይኩን ሲነካ እንደ መዶሻ ነው የሚሰማው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲም ያለበት ስልክ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት አስቋቸው፤ ሳቃቸው ከ-12 ዴሲቤል አካባቢ ካላለፈ ቀሪው ሰላም ነው።

ክፍሉን በተመለከተ የኛ ድህነት ለአንዴ ጠቅሞናል። ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ በሩ ላይ ስቀሉ፤ ማስተጋባቱ ይጠፋል።

«ይኼ ሁሉ ልፋት ለአሮጊት ወሬ?» ላለኝ ወዳጄ አንድ ታሪክ ልንገረው። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በክላውስ ዋክስማን ስም የተሰየመ የሙዚቃ መዝገብ ቤት አለ። ሰውየው በ1907 በርሊን የተወለደ የአይሁድ ዘር ያለው ጀርመናዊ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1937 ኡጋንዳ ገባ። ኋላ የኡጋንዳ ሙዚየም ኃላፊ ሆኖ በ1950 አካባቢ ከመንደር መንደር እየዞረ የሕዝቡን ዘፈንና መሣሪያ ቀዳ። ቅጂዎቹ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀመጡ፤ ግልባጫቸው ደግሞ ወደ ማኬሬሬ ተመለሰ። የዚህ አገር ሰዎች የአያቶቻቸውን ድምፅ ዛሬ የሚሰሙት አንድ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ስለቀዳው ነው። በእርግጥ እሱ የሙዚየም ሹም ሆነ፣ እኛ መታወቂያ ለማሳደስ እንሰለፋለን፤ ልዩነቱ አይጠፋኝም። የሱ መሣሪያ ግን ኪስ ውስጥ አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ጥርት ያለ ድምፅ ባለቤቱን ያሳውቃል። እኛ ደግሞ አገር ቤት የቀሩ ሰዎች አሉን። ሁለተኛው ቀን ላይ እማማ ስለ ወንድማቸው አወሩ። አርባ ደቂቃ። እኔ በቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ የልጅ ልጃቸው ሉጋንዳ እንጂ አማርኛ ብዙ የማይገባው ልጅ እንኳ ጨዋታውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሲጨርሱ ማይኩን ራሳቸው ከነጠላው ላይ ፈቱና «ልጄ፣ ይቺኛዋን አጥፋት። ስም ጠርቻለሁ» አሉኝ።

«ልጅዎ ብቻ ትስማውና አጠፋዋለሁ» አልኳቸው።

«እሷ ታውቀዋለች።»

እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ከቀዳሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ስለዚህ ቀድታችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አሰሟቸው፤ ማን እንደሚሰማውም ንገሯቸው። የፈቀዱትን በሁለት ካርድ ገልብጡና ሁለት ቤት አስቀምጡ፣ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። ለዘመድ ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ መተግበሪያው መልሶ ይጨምቀውና ልፋታችሁ ገደል ይገባል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። አባት እናት፣ አያት ያላችሁ ይዛችኋቸው ኑ፤ ማይኩ አንድ ስለሆነ በተራ ነው። ዝናብ ከጣለ ግን አትልፉ፤ ቆርቆሮው አያስቀዳንም።