ክረምትን በባሌ ተራሮች

የመድረሳ መምህር የክረምት ዕረፍት እንደ ሌላው መምህር አይደለም። የቀለም ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ የእኛ ይሞላል፤ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁርኣኑን ይዞ ይመጣልና። ለእኔ የሚተርፈኝ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። አላህ ካለ ዘንድሮ ይህችን ጊዜ ከድሬዳዋ ወጥተን በባሌ ተራሮች ልናሳልፋት አስበናል። ተጓዦቹ አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ።

ሐሳቡ የእናቴ ነው። ተወልዳ ያደገችው ጎባ አጠገብ ሲሆን፣ በሙሽርነቷ ወደ ድሬዳዋ ከመጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ አገሯን አላየችም።

ነገሩ ሲነሳ ቤታችን ተከፋፈለ። ባለቤቴ «ሰው ለብርድ ገንዘብ ይከፍላል እንዴ?» አለች። ወንድሟ ደግሞ ጉዞው ለበጋ ይተላለፍ ሲል መከረ። ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም። በባሌ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይመላለሳል፤ ሰማዩ የሚጠራውና መንገዱ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሆኖም ሰማይ በጠራበት ሌሊት ብርዱ ይከፋል። በእነዚህ ተራሮች አናት ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። በክረምት ግን ደመናው ምድሪቱን ይሸፍናትና ሌሊቱ ይለዝባል። ክርክሩን የዘጋችው ግን እናቴ ናት። በልጅነቷ ማሳው በአዝመራ ሲያዝ የቤተሰቧ ከብቶች ሽቅብ ወደ ውርጩ ይነዱ ነበር፤ ከብት ይዞ እንዲህ ከወቅት ወቅት መዘዋወሩን የባሌ ሰዎች ጎዳንቱ ይሉታል። «እኔ የማውቀው በጉም ነው፤ በፀሐይ ብታሳዩኝ አልለየውም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ በጋ ያነሳ የለም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሰነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ልብና ሳንባ ይደክማሉ፤ የሚከታተላት ሐኪምም ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ላይ አትደሩ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ራሷን ካመማት ወዲያው ወደ ታች ውረዱ ብሎናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት አዳማ፣ ሁለተኛውን አሰላ እናድራለን። በበቆጂና በዶዶላ አድርገን ጎባ ከገባን በኋላም ሁለት ቀን ሙሉ ወደ የትም አንወጣም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አኮረፉ። ሰነቴን የምናየው በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ወጥተን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሳይጠነክር ተመልሰን ነው። ዕለቱንም ባለ ከባድ ጎማ መኪና ከነሹፌሩ እንከራያለን። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ከአገሩ ሰው እንጠይቃለን።

ወንድ ልጄ ያሰበው ስለ ቀይ ቀበሮ ብቻ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከእነዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። ሲሳዩ የአምባው ፍልፈልና አይጥ ነው። ከረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል። እናቴ በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ትለዋለች፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ ለመውለድ የቀረበች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው ትላለች። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ያላት በቀበሮው ሳይሆን የመንደሯ ወንዞች ስም በሬዲዮ በመጠራቱ ነበር።

በወንዝ ነገር ልጆቼንም አዝንላቸዋለሁ። ለድሬዳዋ ልጅ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው። ደቻቱ ደርቆ ይከርምና፣ ሲመጣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንዳየነው ሰውንና ቤትን ጠርጎ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ጥሩ ውኃ ዳር ቁጭ ብለው አያውቁም። ሶፍ ዑመርን ልናሳያቸውም ተመኝተን ነበር። ነገር ግን ወይብ ወንዝ ዋሻውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በክረምት ሞልቶ መግቢያ አይሰጥም፤ ከዕቅዱ ሰርዘነዋል።

የቀረው ጓዝ ነው። መንገደኛ በመሆናችን ሶላቱን እናሳጥራለን። በዚያ ብርድ ለእናቴ የሚከብዳት ውዱኡ ነው፤ ለዚህም የቆዳ ኹፍ እያሰፋሁላት ነው፤ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶለታልና። ባለቤቴም ብርዱን እየረገመች ለአምስታችንም ሹራብ ገዝታለች።

ሰነቴ ደርሰን ትንፋሿ ካጠራት፣ የከብቶቹን ቦታ ሳታይ እንመለሳለን። ይህን ከመነሳታችን በፊት እንንገራት ወይስ ጎባ ከገባን በኋላ በሚለው ላይ እኔና ባለቤቴ ገና አልተስማማንም።