ላስቲክ የተጠቀለለችው ቪትዝ

ወዳጆቼ፣ እኛ ጋ ጋራዥ ማለት ማስጠገኛ ነው፤ ለመኪና ማደሪያ የሚሠራ ብዙ የለም። ክረምት ሲገባ መኪናው ደጅ ነው።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ቪትዝ አለችው። ሌላ አገር ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ግን ፌራሪያችን እሷ ናት፣ ከሚሊዮን ብር በላይ! የተገዛችውም የአባቱ ባህር ዛፍ ተሸጦ ነው። መንገድ ሲዘጋ ግቢ ውስጥ ቆመች።

አባቱ አዝነውላት በላስቲክ ጥቅልል አድርገው አሰሯት። የሚጎዳት ግን እሱ ነው። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ዝገት ያመጣል። በአጣና ላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጎ ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው ይሻላል። ከሣሩ ተነስታ ጠጠር ላይ ትቁም። የእጅ ፍሬን ይለቀቅ፣ በእርጥበት ይጣበቃል፤ ጎማዋን በድንጋይ መደገፍ ነው። የባትሪው ነጌቲቭም ይፈታ። ከበቆሎው ጎተራ ደግሞ አርቋት፤ አይጥ ሽቦ ትወዳለች።

ይሄን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። «ቲቸር፣ ለአባዬ ማን ይንገረው? ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ተነስቶ ላስቲኩን የሚያጠብቀው እሱ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ እኔው ሄጄ አናግራቸዋለሁ። ትርፍ አጣና ያላችሁ በውስጥ መስመር።