በሾፌሩ በኩል ያለው መስኮት

በአውሮፕላን ሩቅ አገር ስትሄዱ የመስኮት ወንበር ትመርጣላችሁ፤ ለዚያ ተጨማሪ ሒሳብ የምትከፍሉም አትጠፉም። የጭሮ አውቶቡስ ትኬት ስትቆርጡስ «የትኛው ወገን ይሻላል?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዬ አላውቅም ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ሳጠና እውላለሁ። ለእናቴ ትኬት ስቆርጥ ግን «መስኮት ይሁንልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

እናቴ ያደገችው ጭሮ ነው፤ በእሷ አፍ ዛሬም አሰበ ተፈሪ። ግላኮማ የቀኝ ዓይኗን ወስዶባታል። ሐኪሙ የግራውም እንደሚያሰጋ ሲነግረን «ሳይብስብኝ አገሬን ልየው» አለች። የያዝኩላት ወንበር በበሩ በኩል ስለነበር መስኮቱ በማያየው ዓይኗ ወገን ዋለ። ጭሮ አድረን ወደ ሂርና ስንጓዝ የምታየው የእኔን ትከሻና ከኔ ወዲያ የተዘረጋውን የሰው ራስ ነበር። አንዴ ብቻ «ቆላው እኮ በዚያ ወገን ነው» አለችኝ።

ቤት ስንመለስ ካርታ ዘረጋሁ።

ከአዲስ አበባ ጭሮ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ መተሐራ ድረስ የትም ብትቀመጡ ግድ የለም። በሰቃ ሐይቅ ላይ ውኃው በሁለቱም ወገን ነው፤ ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ ሲያስቸግር ኖሯል። የፈንታሌ ተራራ በግራ ይቆማል። የአዋሽ ፓርክ የኢላላ ሳላ ሜዳ በቀኝ ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሳላ ለማየት ለጥቂት ደቂቃ ወደዚያ ይዙሩ። ከዚያ በኋላ ግራውን አትልቀቁ።

ምክንያቱ ከሚኤሶ በኋላ ይገባችኋል። መንገዱ ቆላውን ትቶ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል፤ ከጭሮ ወዲያ በአርበረከቴ፣ በሂርና አድርጎ እስከ ቁልቢ በሸንተረሩ አናት ላይ ይጠማዘዛል። በቀኝ የሚወርደው ውኃ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው፤ በግራ በኩል መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ያዘቀዝቃል። ከእግራችሁ ሥር እርከን፣ ማሽላና ጫት፣ ከዚያ ወዲያ ማለቂያ የሌለው ግራጫ ቆላ። ጠመዝማዛው ብዙ ስለሆነ ወገኑ አልፎ አልፎ ይቀያየራል፤ ቢሆንም ሚዛኑ ወደ ግራ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ ስለምትውል ግራው ጥላ ነው፤ ሰኔ ላይ ግን መጋረጃውን ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

የወንበር ቁጥር በየአውቶቡሱ ስለሚለያይ ቁጥር አትጠይቁ። «በሾፌሩ በኩል፣ መስኮት፣ ጎማው ላይ ያልሆነ» በሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ መምረጥ ቀርቶ ማግኘቱም ጭንቅ ነው። የመንገዱን ሰላምም አስቀድማችሁ አጣሩ።

በባቡር ከሄዳችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ሐዲዱ ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው በቆላው ስለሆነ ተራራው በቀኝ ይቀራል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ቀጥታ መስመር ካርታ ላይ ብትስሉ ጨርጨር በደቡብ፣ ማለትም በቀኝ ነው። ስትመለሱ ወደ ግራ ይዞራል።

በጥቅምት እናቴን እንደገና ይዣት ሄድኩ፤ በሾፌሩ በኩል። ጭሮ ስንደርስ፣ ዱሮ ጨርጨርን ያስተዳድሩ ስለነበሩትና በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ስላረቀቁት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት አባቷ ይነግሯት የነበረውን ስታወራልኝ አመሸች። በማግስቱ ከሂርና በፊት ባለው መታጠፊያ ግን ወሬዋን አቋረጠች፤ እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

መመለሻው ነበር ያስጨነቀኝ። በአውቶቡስ ብንመለስ ቆላው በቀኝ፣ በማታየው ዓይኗ በኩል ሊሆን ነው። ስለዚህ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ ወርደን በአውሮፕላን ተመለስን። «ኤ» የሚል ፊደል ያለበት ወንበር ምንጊዜም የግራ መስኮት ነው፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ ደግሞ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሚውል መሬቱን አይጋርድም።

ከተነሳን ጥቂት ቆይቶ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

«ያ ጋራ ሙክታር ይሆን?» አለችኝ።

እኔ መተላለፊያው ጋ ስለነበርኩ አይታየኝም ነበር።